ሁለት ብቻ?

ማታ ራዳር ፊት ነኝ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣
የቀዘቀዘ ሾርባ ከጎን አስቀምጬ።
አረንጓዴው ቀልቶ፣ ቀዩ ተጠምዝዞ
ብሪስኮ ላይ ቆመ፣ የዓሣ መንጠቆ ይዞ።
ሰባት ነበር ቁጥሩ የዚያ ሌሊት አውሎ፣
አንዱ ደክሞ ሲከስም ሌላው ተከትሎ።
ለሰባቱም ጻፍሁ ያንኑ ዐረፍተ ነገር፤
«አሁኑኑ ተጠለሉ!» ሌላ ምን ልናገር?

ሩኤል የሚባል ጠባቂ ደወለ፣
ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ጭነት መኪናው ውስጥ ሆኖ፦
«ጨለማ ነው። መብረቅ ሲል ብቻ አየዋለሁ፤
በየብልጭታው ቀርቦ ነው የማገኘው።»

ከዚያ ቴሮን ጠራኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«ይሄ ዝናብ አይደለም።»
አልነበረም።
ራዳሩ ያየው ጣውላ ነበር፣ የጣራ ክዳን፣ የፍራሽ ጥጥ፣
ሁለት ሺህ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ የሚዞር የሰው ጓዳ።
ብርቅርቅ ያለች፣ ክብ፣ ቆንጆ ነጥብ።
ቆንጆ ማለቴን ለማንም አልተናገርሁም።

ሲነጋ ሥራው ሌላ ነው፤
ሜትር፣ ካሜራ፣ ወፍራም ጫማ፣ የሚሲሲፒ ጭቃ።
ገዳዩ ሄዷል፤ እኔ ዳናውን እከተላለሁ።
ጥዶቹን አነባለሁ፤ እነዚህ ወደ ሰሜን ተኝተዋል፣
እነዚያ ወደ ደቡብ፣
በመሃል ያለፈው እሱ ነው።
ቅርፊታቸው ተልጦ ገላቸው ነጥቶ፣
አንዱ ጫፍ ላይ ካልሲ እንደ ፍሬ አፍርቶ።

«ነፋስ ቤት መታ» ሲባል ቃሉ ይይዘኛል።
እውነትም ገጣሚ ነው፤ መስመሩን ይሮጥና
ጫፉ ላይ ሲደርስ ቤት ይመታል፣ መሃሉን ይዘልላል።
የዋትሊዎችን መታ፤ የዶሮ ቤታቸውን ዘለለ።
የፖስታ ሣጥናቸው ቀጥ ብላ ቆማለች፣
የመብራት ሒሳብ በሆዷ እንደያዘች።

ወይዘሮ አይዶራ ፕሩዊት ባዶው ሲሚንቶ መሃል
በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል።
«የእኔ አይደለም» አሉ፣ መደገፊያውን ቸብ ቸብ አድርገው፣
«ከየት እንደመጣ እንጃ። ግን ይመቻል።»
ሌሊቱን ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነበሩ፣ ከላያቸው ፍራሽ፤
ገንዳው አሁንም እዚያው ነው፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል።

ተንበርክኬ የግድግዳውን እግር ፈለግሁ።
ብሎን አለ ወይ? የለም።
ምስማር ብቻ፤ ከላይ ወደ ታች የተመታ፣ ቀጥ ያለ ምስማር።
«ክሊዮን ነው የሠራው» አሉ ከኋላዬ፣
«ከጥጥ መዳመጫው ሲወጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።
አራት ዓመት ፈጀበት። መብራት ሳይገባ ነው የገባነው።»
ክሊዮን ከሞተ ሦስት ክረምት ሆኖታል።

ሠንጠረዡ ምሕረት የለውም፤
ብሎን የሌለው ቤት በትንሽ ጉልበትም ይነሣል፤
ቤቱ ደካማ ከሆነ ነፋሱም ደካማ ተብሎ ይጻፋል።

«ስንት ሰጠሽው?»
«ሁለት።»
«ከስንት?»
«ከአምስት።»
ዝም አሉ። ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ።
«ሁለት ብቻ?»
እንደ ተሰደበ ሰው ቀና ብለው አዩኝ።
«የክሊዮን ቤት በሁለት አይወድቅም።»

ምን ልበል?
ነፋሱን ማንም ቆሞ እንዳልለካው፣
ሜትሬ የሚያርፈው ጣውላና ምስማር ላይ፣
አንድ አናጢ እጅ ላይ መሆኑን?
«ሌላ የሚለካ ነገር ስላጣሁ ነው» አልሁ።
ይህም እውነት ነው።
ከቅጹ ግርጌ፣ ማንም በማያነበው መስመር፣ ጻፍሁ፦
ነፋሱ ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ቆሞ አልመሰከረም።

ልሄድ ስነሣ እጄን ይዘው ምስማር አስጨበጡኝ።
«እዪው፣ አልጎበጠም። እሱ የመታው ምስማር አይጎብጥም።»
አልጎበጠም።
እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው የወጣው።
ጎብጦ ቢሆን ሦስት እጽፍ ነበር።
«ቀጥ ያለ ነው» አልኋቸው።

መኪናው ውስጥ ቴሮን ካርታውን ዘርግቷል፤
አንዱን በእርሳስ ሰረዘ። ስድስት ቀርቷል።